መብራት ቢሄድም የማይከዳ ዳታቤዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ለሱቅ፣ ለመድኃኒት ቤትና ለመጋዘን ሶፍትዌር እሠራለሁ። ሙያውን ገና የጀመሩ ልጆች ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን ስንቀመጥ «የትኛውን ዳታቤዝ ልጠቀም?» ይሉኛል። ደንበኞች ደግሞ ያንኑ ጥያቄ በራሳቸው ቋንቋ ይጠይቁኛል፦ «መብራት ሲሄድ ሒሳቤ ይጠፋል ወይ?» ሁለቱን አንድ ላይ መለስኳቸው።

ኢምቤድድ ዳታቤዝ ስትል ምን ማለትህ ነው?

ለብቻው የማይቆም፣ በፕሮግራማችሁ ሆድ ውስጥ የሚኖር ዳታቤዝ ማለቴ ነው። ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ ስትጭኑ ከጀርባ ቀን ከሌሊት የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም አለ። የእናንተ ሶፍትዌር ይጠይቀዋል፣ እሱ ይመልሳል። ኢምቤድድ የሆነው ግን ከኮዳችሁ ጋር አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይዘጋል። ዳታው ዲስክ ላይ አንድ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በርከት ያሉ ፋይሎችን አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣሉ።

ባዕድ ነገር አይምሰላችሁ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ አንድሮይድም ይሁን አይፎን ኤስኪውላይት የሚባለው ኢምቤድድ ዳታቤዝ አለበት። ክሮምና ፋየርፎክስም ውስጥ አለ።

ትልቁን ሰርቨር ብጭነውስ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ዳታቤዙ አይደለም፤ የሚጠብቀው ሰው አለመኖሩ ነው። ሰርቨር ማለት የሚያስነሳው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ፣ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው የሚፈልግ ነገር ነው። መጋላ ውስጥ ያለ የጅምላ ሱቅ ይህን ሰው አይቀጥርም።

አንድ ቀን ለሌላ ሥራ ሐረር ሄጄ ስልኬ ጮኸ። ሱቁ ውስጥ መብራት ሄዶ ተመልሷል። ኮምፒውተሩ ተነስቷል፣ የዳታቤዙ ሰርቪስ ግን አልተነሳም። ባለሱቁን በስልክ «ሰርቪስ የሚለውን ፈልግና ክፈት» እላለሁ። «የቱ ጋ ነው አቦ! ሰው ቆሞብኛል እኮ!» ይለኛል። አርባ ደቂቃ ፈጀብን። እስከዚያ ልጁ በወረቀት ሲሸጥ ቆየ። ጥፋቱ የባለሱቁ አይደለም፤ የኔ ነው። አንድ ኮምፒውተር ላለው ሱቅ ሰርቨር የጫንኩት እኔ ነኝ።

ኤስኪውላይት ራሱ የተወለደው ከዚህ ዓይነት ብስጭት ነው። ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ ለባሕር ኃይል የጦር መርከብ ሶፍትዌር ይሠራ ነበር። የዳታቤዝ ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር የእሱ ፕሮግራም መገናኘት አልቻልኩም የሚል መልእክት ያወጣል። ጥፋቱ የሰርቨሩ ሆኖ ስልኩ የሚደወለው ለእሱ ነው፤ መልእክቱ የሚወጣው ከእሱ ፕሮግራም ነዋ። ለምን ሰርቨር ያስፈልጋል ብሎ በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የራሱን ሠራ። (ከዚህ በኋላ የሶፍትዌር ዓመቶችን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ሽያጭ እየተመዘገበ መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አንድ ካርቶን ዘይት ሲሸጥ ቢያንስ ሁለት ነገር ይጻፋል። ከስቶክ አንድ ይቀነሳል፤ ካዝናው ላይ ብር ይጨመራል። አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ መብራት ከሄደ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ካሸሯ ሌባ ትመስላለች። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዱም አይጻፍም። ትራንዛክሽን የሚባለው ይሄ ነው። ይህን የማይችል ማከማቻ፣ ለምሳሌ ራሳችሁ የምትጽፉት የጄሶን ፋይል፣ ለገንዘብ አይሆንም። ተዉት።

ኤስኪውላይት ሁለት መንገድ አለው። ነባሩ መንገድ ጆርናል ነው። ዋናው ፋይል ላይ ከመጻፉ በፊት የሚነካውን ገጽ (ፋይሉ የተከፋፈለበትን ቁራጭ) እንደነበረ ሌላ ፋይል ላይ ይገለብጠዋል። መብራት መሃል ላይ ከሄደ፣ ፕሮግራሙ ዳግም ሲከፍተው ያን ጆርናል ያየዋል፤ የድሮውን ገጽ ወደ ቦታው ይመልሳል። ያልተጨረሰው ሽያጭ እንዳልነበረ ይሆናል። በነገራችን ላይ ይህን ፋይል «ትርፍ ነው» ብሎ ያጠፋ ሰው አውቃለሁ። ፎልደሩን ማጽዳቱ ነበር። ዳታቤዙን መልሶ ማቆሚያውን ነው ያጠፋው።

ሁለተኛው ከ2010 ጀምሮ ያለው ዋል የሚባለው ነው። እዚህ አዲሱ ጽሑፍ መጀመሪያ ጎን ላይ ባለ ፋይል ጭራ ላይ ይጨመራል፤ ዋል አደር ብሎ ወደ ዋናው ፋይል ይገባል። ስሙ በአማርኛ እንዲህ መግጠሙ ሁሌ ያስቀኛል። ጥቅሙ ደግሞ ቀላል አይደለም፦ አንዱ እየጻፈ ሌሎች ያለ ችግር ያነባሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «ጻፍኩ» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ገና ሚሞሪ ላይ ነው ያለው። ዲስኩ ላይ በእርግጥ እስኪወርድ መጠበቅ የዳታቤዙ ሥራ ነው። ኤስኪውላይት ላይ ይህን የሚወስነው ሲንክሮነስ የሚባለው ቅንብር ነው። ፉል ካላችሁት (የቁርሱን ፉል አይደለም) እያንዳንዱ ኮሚት (የትራንዛክሽን መዝጊያ) ዲስክ ላይ እስኪወርድ ይጠብቃል። ከዋል ጋር ኖርማል ካላችሁት ይፈጥናል፤ ፋይሉ አይበላሽም፣ ግን መብራት ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኮሚቶች ሊጠፉ ይችላሉ። ኦፍ ካላችሁት በራሳችሁ ፈርዳችኋል።

የኔ ልማድ፦ ብር ያለበት ሁሉ ፉል። የፍሪጅ ሙቀት መለኪያ በየደቂቃው የሚጽፍ ከሆነ ኖርማል ይበቃል፤ የአንድ ደቂቃ ንባብ ቢጠፋ ማንም አይከስርም። ኢንተርኔት ላይ «ኤስኪውላይትን አፍጥኑ» የሚሉ ምክሮች ግን ብዙዎቹ ኦፍ አድርጉት ይላሉ። የሚመክሩት መብራት የማይሄድበት አገር ያሉ ሰዎች ይሆናሉ።

እሺ፣ የትኛውን ልምረጥ?

ሌላ ለመምረጥ የሚያስገድድ ምክንያት ከሌላችሁ ኤስኪውላይት። ፍጥነቱ አይደለም ምክንያቴ። ባለቤትነቱ ለሕዝብ የተለቀቀ ስለሆነ የፈቃድ ጣጣ የለውም። የፋይሉ አቀማመጥ ተጽፎ የሚገኝ ነው፤ ሠሪዎቹ እስከ 2050 ድረስ እንደግፈዋለን ብለዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ዳታ ለረጅም ዘመን ለማቆየት ከሚመክራቸው የፋይል ዓይነቶች አንዱ አድርጎታል። መፈተኛ ኮዱ ከራሱ ከኮዱ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል፤ ከፈተናዎቹ መካከል መሃል ላይ ኃይል ሲቋረጥ የሚሆነውን አስመስሎ የሚፈትን አለ። ለድሬ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ሌሎቹም መጥፎ አይደሉም። ሥራቸው ይለያል እንጂ።

ዳክዲቢ ከአምስተርዳም የምርምር ተቋም የወጣ ነው፤ በ2019 ተለቀቀ፣ 1.0 የተባለው እትም በ2024 ወጣ። ዳታን በረድፍ ሳይሆን በዓምድ ነው የሚያስቀምጠው። የአምስት ዓመት ሽያጭ ደምሮ በወርና በዕቃ ለመከፋፈል እሳት ነው። በየሰከንዱ ደረሰኝ ለመቁረጥ ግን አልተሠራም። ሽያጩን በኤስኪውላይት መዝግባችሁ ሪፖርቱን በዳክዲቢ ብታወጡ አይጣሉም፤ ዳክዲቢ የኤስኪውላይትን ፋይል ማንበብ ይችላል።

ኤልኤምዲቢ ሃዋርድ ቹ ኦፕንኤልዳፕ ለሚባል የተጠቃሚዎች ማውጫ ሰርቨር የሠራው ነው። ሠንጠረዥ የለም፣ ኤስኪውኤል የሚባለው የመጠየቂያ ቋንቋ የለም፤ ቁልፍና እሴት ብቻ። ንባቡ እጅግ ፈጣን ነው፣ መብራት ሲሄድም ጠንካራ ነው፤ ያለውን ገጽ ስለማይደልዝ አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፎ መጨረሻ ላይ ነው ጠቋሚውን የሚያዞረው። ሮክስዲቢ ደግሞ ከጎግል ሌቭልዲቢ ተነስቶ ፌስቡክ ውስጥ ያደገ ነው። ብዙ ለሚጽፍ ሰርቨር የታሰበ ነው። ለኪዮስክ ሮክስዲቢ መምረጥ ለአንድ ኩንታል ሽንኩርት ተሳቢ መኪና መከራየት ነው።

በጃቫ የምትሠሩ ኤችቱ የሚባለውን ዳታቤዝ ታውቁታላችሁ። እኔ ለፈተና እጠቀምበታለሁ፤ ለደንበኛ ገንዘብ አላደርገውም። የማይክሮሶፍት አክሰስ ፋይል ግን ከ2 ጊጋባይት አያልፍም፤ ብዙ ሰው ሲጋራውም ይሰለቻል። በከተማችን አሁንም በአክሰስ የሚሠሩ መጋዘኖች አሉ። እየሠራ ከሆነ ዛሬውኑ አትንኩት፤ አዲስ ሥራ ግን አትጀምሩበት።

አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ። ሪልም የሚባለው የስልክ ዳታቤዝ በጣም ተወዳጅ ነበር። ሞንጎዲቢ በ2019 ገዛው፤ በ2024 ደግሞ ከደመናው ጋር የሚያመሳስለውን አገልግሎት እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚያ ላይ የተመሠረቱ አፖች ዳታቸውን ይዘው መሰደድ ነበረባቸው። ስለዚህ ስትመርጡ ይህን ጠይቁ፦ ሠሪው ነገ ቢተወው ፋይሌን በሌላ መሣሪያ መክፈት እችላለሁ? መልሱ አልችልም ከሆነ ፍጥነቱን አትዩት።

አስተማማኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ገመዱን በመንቀል። ቀልዴን አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁጥር እየጨመረ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ፤ አንድ ቁጥር፣ አንድ ትራንዛክሽን። ኮሚቱ ተሳካ ብሎ ሲመለስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁጥሩን በኔትወርክ ወደ ሌላ ላፕቶፕ ይላክ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። አሁን የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉት። መልሳችሁ አስነሱና ዳታቤዙን ክፈቱ። ላፕቶፑ ላይ የደረሰው ቁጥር ሁሉ ዳታቤዙ ውስጥ መኖር አለበት። አንድ ቁጥር ቢበልጥ ደህና ነው፤ ተጽፎ ሳይላክ መብራት ሄዶበት ነው። ካነሰ ግን ዳታቤዙ ወይም ዲስኩ ዋሽቷል። ከዚያ የፋይሉን ጤንነት የሚመረምረውን የኢንተግሪቲ ቼክ ትእዛዝ ስጡ፤ «ኦኬ» ማለት አለበት።

ፕሮግራሙን በታስክ ማናጀር መግደል ይህን አይተካም። ፕሮግራሙ ቢሞትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሕይወት ስላለ ሚሞሪ ላይ ያለውን ይጽፈዋል። ሐሰተኛ ልበ ሙሉነት ነው የሚሰጣችሁ።

አንድ ደንበኛ ርካሽ ኤስኤስዲ ዲስክ አስገብቶ ሲጠራኝ ይህንኑ አደረግኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከተማው ጥላ ፈልጎ ተቀምጧል፣ ሱቁ ባዶ ነው። ሲንክሮነስ ፉል ነው። ገመዱን ነቀልኩ። ላፕቶፔ ላይ 4118 ይላል፤ ዳታቤዙ 4109 ላይ ቆሟል። ዘጠኝ ቁጥር የት ገባ? ደገምኩት፤ አሁንም ጎደለ። ባለቤቱ ትሪው ላይ ያለውን ቡና ረስቶ ያየኛል። ያንኑ ዳታቤዝ ድሮ የነበረው ዲስክ ላይ አድርገን ስንሞክር አንድም አልጎደለም። ዲስኩ «ጻፍኩ» እያለ ራሱ ሚሞሪ ላይ ያቆየው ነበር። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ የትኛውም ዳታቤዝ አያድናችሁም። እኔ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ነቅዬ ሳላይ ለደንበኛ አላስረክብም። ፈተናው ላይ የደንበኛ ዳታ እንዳይኖር፤ መንቀል ለዲስክም ጤና አይደለም።

ዩፒኤስ አለኝ። ይህ ሁሉ ያስፈልገኛል?

ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ዩፒኤሶች ውስጥ ያለው የእርሳስ ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል። የድሬን ሙቀት ለእናንተ አልነግርም። ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙው ዩፒኤስ የሚጮህ ሳጥን ነው። ግዙት፣ ግን አትመኑት።

ሁለት ኮምፒውተር አለኝ፤ ፋይሉን ሼር ባደርገው አይሆንም?

አይሆንም። ይህ በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ኤስኪውላይት ሁለት ሰው በአንዴ እንዳይጽፍ የሚከለክለው በፋይል መቆለፊያ ነው፤ በኔትወርክ የሚጋራ ፎልደር ላይ ይህ መቆለፊያ ብዙ ጊዜ በትክክል አይሠራም። ዋል ደግሞ ከነጭራሹ በኔትወርክ ፎልደር ላይ አይሠራም፤ ሁሉም አንድ ኮምፒውተር ላይ መሆን አለባቸው። ለሳምንታት ምንም ላይታያችሁ ይችላል። አንድ ቀን ግን ፋይሉ ይበላሻል።

መፍትሔው፦ ዳታቤዙ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ። እዚያው ላይ ትንሽ የድር ፕሮግራም ይሥራ፤ ሌላው ኮምፒውተር በብራውዘር ይግባ። ፋይሉን የሚነካው ያ ፕሮግራም ብቻ ይሆናል። ሦስት አራት ካሸር እስኪሆን ይህ ያለ ችግር ይሄዳል። ሳቢያንም መጋላም ቅርንጫፍ ከከፈታችሁና ሁሉም በአንዴ የሚጽፉ ከሆነ ግን ያኔ ፖስትግሬስ። ያኔ የሚጠብቀውን ሰውም ቅጠሩ።

«ዳታቤዙ ተቆልፏል» ይለኛል። ተበላሸ?

አልተበላሸም። በአንድ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ብቻ ስለሆነ ሌላው ተራ እየጠበቀ ነው። ቢዚ ታይምአውት የሚባለውን 5 ሰከንድ አድርጉት፤ አብዛኛው እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ኮዳችሁን እዩ። ብዙ ጊዜ የማየው ትራንዛክሽኑን ከፍቶ ደንበኛው ብር እስኪቆጥር የሚጠብቅ ኮድ ነው። ደንበኛው ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ሱቅ ሲሄድ ዳታቤዙ ተቆልፎ ይቆያል። መጀመሪያ ሁሉን ጨርሱ፣ ከዚያ ክፈቱ፣ ጻፉ፣ ዝጉ።

ከኤክሴል 3000 ዕቃ ሳስገባ ይጎተታል።

እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ኮሚት እያደረጋችሁ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር የድሮ ዲስክ በሰከንድ 60 ያህል ትራንዛክሽን ነው የሚችለው፤ ለእያንዳንዱ ዲስኩ ሁለት ጊዜ እስኪዞር ይጠበቃላ። 3000ው አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን ክተቱት፤ ዓይናችሁን ሳትከድኑ ያልቃል።

አማርኛ ላይ ችግር አለው?

ጽሑፉን ማስቀመጥ ላይ የለውም። ፊደላችን ዩቲኤፍ ስምንት በሚባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ደንብ ሦስት ሦስት ባይት ይይዛል፣ ያ ብቻ ነው። ሲደረድርም በሀ ሁ ሂ ቅደም ተከተል ይመጣል፤ የፊደሎቹ ቁጥር ራሱ በዚያው ስለተሰደረ።

ችግሩ ፍለጋ ላይ ነው። አንዷ ካሸር «ሐረር» ትጽፋለች፣ ሌላዋ «ሀረር»። ለዳታቤዙ ሁለት ከተማ ነው። «ፀሐይ»ን ስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል ቁጠሩት። ስለዚህ ከስሙ ጎን ሌላ ዓምድ ጨምሩ፤ እዚያ ላይ ሐን፣ ኀን፣ ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለውጣችሁ አስቀምጡ። ተጠቃሚው የሚፈልገውንም ቃል በዚያው መንገድ ለውጡና አወዳድሩ። የሚታየው ግን ሰውየው የጻፈው ይሁን፤ የሰው ስም አታርሙ።

በድሬ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ፣ ሙሃመድ። የዱቤ መዝገብ ላይ እነዚህ አራት ሰው ይሁኑ አንድ ሰው ማን ያውቃል? ስምን መለያ አታድርጉ። ስልክ ቁጥርም ይቀየራል። የራሳችሁን የደንበኛ ቁጥር ስጡ።

ቀን ላይም ተጠንቀቁ። የኤስኪውላይት የቀን ፈንክሽኖች የሚያውቁት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጳጉሜ 3ን 13ኛ ወር ብላችሁ ብትሰጡት ባዶ ይመልስላችኋል። በፈረንጅ አስቀምጡ፣ ስክሪን ላይ በሀበሻ አሳዩ። ሰዓቱንም አትመኑ፤ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር መብራት ተመልሶ ሲነሳ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። አዲሱ ሽያጭ ከመጨረሻው ሽያጭ በፊት የተደረገ መስሎ ከመጣ ፕሮግራሙ ይጠይቅ።

ብርን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። 12 ብር ከ50፣ 1250 ይሁን። በነጥብ የተቀመጠ ቁጥር ሲደመር ትንሽ ትንሽ ይሸራረፋል፤ ማታ ላይ ካዝናው አልገጥም ይላል።

ዝም ብሎ የሚሳሳትበት ቦታ አለ?

ሁለት አሉ። አንደኛ፣ ሠንጠረዦችን የሚያያይዘው የፎሬን ኪ ቁጥጥር እንደ ነባሪ ዝግ ነው፤ ዳታቤዙን በከፈታችሁ ቁጥር ማብራት አለባችሁ። ካላበራችሁት የሌለ ደንበኛ ዱቤ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ የዋጋ ዓምድ ውስጥ «አስር» ብሎ በፊደል ቢጻፍ ይቀበላል። ከ2021 ወዲህ ስትሪክት የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ ያንን ተጠቀሙ።

ባክአፕ እንዴት ልውሰድ?

ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ፋይሉን ኮፒ አታድርጉ። ዋል ላይ ከሆናችሁ አዲሱ ሽያጭ ገና ጎን ያለው ፋይል ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንድ መድኃኒት ቤት ዋናውን ፋይል ብቻ በየማታው ወደ ፍላሽ ይገለብጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲሰረቅ ፍላሹን ከፈትን፤ የመጨረሻዎቹ ቀናት የሉም።

ቫኪዩም ኢንቱ የሚል ትእዛዝ አለ፣ ከ2019 ጀምሮ። ፕሮግራሙ እየሠራ ሙሉና የጸዳ ቅጂ ያወጣላችኋል። «ቀን ዝጋ» የሚለው ቁልፍ ላይ እሰሩት፤ ሰው እንዲያስታውስ አትጠብቁ። ሁለት ፍላሽ በተራ ይሁን። የተሰካ ፍላሽ ቫይረሱም አብሮ ያገኘዋልና ይነቀል። ማታ ባለቤቱ ቤት ይደር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ የወሰደውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ምክር አይከራከርም።

በወር አንዴ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና የመጨረሻውን የደረሰኝ ቁጥር አንብቡ። ከወረቀቱ ጋር ገጠመ? ደህና።

ፋይሉን የሰረቀ ሰው ያነበዋል?

ያነበዋል፤ በነጻ መክፈቻ። የይለፍ ቃላችሁ ያለው ፕሮግራሙ ላይ ነው እንጂ ፋይሉ ላይ አይደለም። የታካሚ ስም ካለበት ኤስኪውልሳይፈር የሚባለውን ተጠቀሙ፤ ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ይመሰጥረዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ ይህ አሁን የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቁልፉ ከጠፋ ግን ዳታውም አብሮ ጠፍቷል፤ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።

ስንት ዳታ ይችላል?

ጣሪያው 281 ቴራባይት ነው። እናንተ አትደርሱበትም። በቀን 300 ደረሰኝ፣ በደረሰኝ 5 መስመር፣ በመስመር 100 ባይት ብትሉ በዓመት 55 ሜጋባይት አይሞላም።

ፋይሉ ተበላሽቷል። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ፕሮግራሙን ዝጉ። ዋናውን ፋይል ከጎኑ ካሉት ፋይሎች ጋር፣ ጆርናልም ዋልም ምንም ሳታስቀሩ፣ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ሥራችሁን ቅጂው ላይ ብቻ ሥሩ።

ኢንተግሪቲ ቼኩ የቱ ጋ እንደተበላሸ ይነግራችኋል። ኢንዴክሱ (የፍለጋ ማውጫው) ብቻ ከሆነ እንደገና ማስገንባት ይበቃል። ሠንጠረዡ ራሱ ከሆነ የኤስኪውላይት የትእዛዝ መስኮት ላይ ሪከቨር የሚል ትእዛዝ አለ፤ ሊነበብ የሚችለውን ለቅሞ አዲስ ዳታቤዝ ይሠራላችኋል። ያንን ከመጨረሻው ባክአፕ ጋር አወዳድሩት። በመካከል የጎደለውን ደግሞ የደረሰኝ ጥራዙን ካርቦን ኮፒ አውጥታችሁ፣ ካሸሯን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፣ አንድ በአንድ ታስገባላችሁ። ሻይ አዝዙላት፤ ረጅም ማታ ነው።